መጀመሪያ ቀለም

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ የሞተር ጀልባ ግቢው ያስገባ ሰው፣ ሳምንት ሳይሞላው ሰፈሩ በሙሉ የጀልባ ባለሙያ ይሆንለታል። ዋና የማይችለው ጎረቤት ስለ ሚዛን ያስረዳዋል። ግንበኛው ሲሚንቶ ይመክራል። እትዬ ደግሞ አጥሩን ተደግፈው «እሱስ ይሁን፣ ቀለሙን ምን ልታደርገው ነው?» ይላሉ። ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ባለጀልባውም ገና ሳይገዛው ያሰበው ቀለሙን ነው። ስሙን ደግሞ ከቀለሙም በፊት አውጥቶለታል።

እኛ ዘንድ ምረቃ ከሥራ ይቀድማል። ስለዚህ ስንጥቁ በስቱኮ ይለሰናል፣ ሰማያዊና ነጭ ይቀባል፣ ጎኑ ላይ ስም ይጻፋል። መንገደኛው ቆም ብሎ «አዲስ አስመሰልከው!» ይላል። ማስመሰሉ እንኳ እውነት ነው።

ጀልባ የሚበሰብሰው ከማይታይበት ነው። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ ላዩ ፋይበር ግላስ ቢሆንም፣ በአብዛኞቹ አሮጌ ጀልባዎች መሐሉ እንጨት ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ በደንብ ካልታሸጉ ውሃ በዚያ ሰርጎ እንጨቱን ለዓመታት ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ከተጠራጠሩ ከውስጥ በኩል በቀጭን ትራፓኖ ይብሱት። ደረቅና ነጣ ያለ ፍቅፋቂ ከወጣ እሰየው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግን ቀለሙን ለጊዜው ይርሱት።

የውስጠኛው ፋይበር ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ተትቶለት ይቆረጣል፤ የበሰበሰው በመሮ ተፈልፍሎ ይወጣና ቦታው እስኪደርቅ ይጠበቃል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚችል ኮምፔንሳቶ ሁለቱ ተደርበው ሲጣበቁ 36 ይሆናል፤ ፋይበሩ ሲጨመርበት ወደ 40 ይጠጋል። አናጺው በዚህ ሰዓት ቺፑድ ይዞ ብቅ ይላል። «ጋሼ፣ ማን ያየዋል? ውስጥ ነው እኮ!» ልክ ነው፤ ማንም አያየውም። ቺፑድ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ካበጠ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ሞተር አስከትሎ ነው ጣና የሚገባው።

እንጨቱ በፋይበር የሚሸፈነው በሬዚን ነው፤ ፋይበሩን አርሶ ከዚያ በሚደነድን ሙጫ። ሬዚንን የሚያበላሸው የወጥ ቤት ልማዳችን ነው፤ በእጅ መመጠን። ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር (ማደንደኛ)፣ ያውም በሚዛን። ከበዛ ጆጉ ውስጥ ግሎ ያጨሳል፣ ይሰነጠቃል። ካነሰ እስከ ዓመት በዓል ሲያጣብቅ ይኖራል። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 450 ግራም ማት (የፋይበር ምንጣፍ) 1 ኪሎ ያህል ሬዚን ይጠጣል፤ ነባሩ ገጽ ደግሞ በ40 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በአሴቶን ካልተወለወለ አዲሱ ሽፋን ተላቆ ይነሳል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ አይበጥብጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ነው የሚታገስዎት፣ እና «ቡና ጠጡ» የሚባለው ልክ በዚያችው ሩብ ሰዓት ነው። እንቢ ማለት ነውር ነው። በረካው ሳይደርስ ብሩሹና ጆጉ አንድ ሥጋ ይሆናሉ።

መካኒኩ በበኩሉ ሞተሩን ማስጮኽ ይቸኩላል፤ ካልጮኸ ማን ያምናል? ደረቅ መሬት ላይ ያስነሳዋል፣ ልጆች ያጨበጭባሉ፣ የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ተቃጥሎ ይበጣጠሳል። ትክክለኛው አካሄድ ጭብጨባ የለውም። ካንዴላዎቹ ይነቀላሉ፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ላስቲኩ ያለ ክርክር በአዲስ ይተካል። የቆየ ቤንዚን የደፈናቸው የካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይጠረጋሉ። ከዚያ በኋላ የሞተሩ እግር በርሜል ውስጥ ገብቶ፣ ውሃው ከሞተሩ ውሃ መሳቢያ ቀዳዳ በላይ ተሞልቶ ይነሳል፤ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ፊን ካላለ ወዲያው ይጥፋ። በሁለት ስትሮክ ሞተር ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር የጀልባ ሁለት ስትሮክ ዘይት ይበቃል፣ አምራቹ ሌላ ካላለ በቀር። «ከመኪናዬ የተረፈ ዘይት አለኝ» የሚለውን ደግ ጎረቤት አመስግነው ይሸኙት፤ ዘይቱ ካንዴላ ያጠቁራል።

ሞተር ሲገዛ «ስንት ፈረስ ነው?» ይባላል እንጂ ቁመቱን የሚጠይቅ የለም። አጭሩ እግር 38፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኋላው ግድግዳ ቁመት ጋር ካልገጠመ ወይ ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል፣ ወይ ጀልባው ውሃ ይጎትታል። ፈረሱም ቢሆን የተቆጠረው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከ40ው ፈረስ የሚደርስዎት 33 ያህሉ ነው። ሰባቱን አየሩ ወሰዳቸው፤ የሚረገመው ግን ሻጩ ነው። መፍትሔው ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት፣ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ነው።

የምረቃው ቀን ዳቦ ተደፍቶ፣ ሽማግሌ መርቆ፣ 6 ሰው የሚይዘው ጀልባ 15 ዘመድ ይጫናል። አንዷን አክስት «ይውረዱ» ብሎ እስከ ፋሲካ የሚዘልቅ ኩርፊያ መግዛት የሚደፍር የለም። ከኋላ በታች ያለችው የውሃ ማስወጫ ቡሽ ጀልባው ግቢ ሳለ ዝናብ እንዲወጣ ተፈትታ ነበር፤ የት እንዳስቀመጣት የሚያውቀው ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ነው። ቡሿን በሽቦ ከሞተሩ መሪ ላይ ማሰር ይሄን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭም ውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፤ የመረብ ክር ደግሞ ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ ዘይት ማገጃውን ጎማ ይቆርጣል። ከመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ጉዞ በኋላ የካምቢዮ ዘይቱን ይዩት፤ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ይሄን ሲያዩ ሳሉ «ጀልባውን ለሠርግ አውሰን» የሚል መልእክተኛ በር ያንኳኳል። ሞተሩን ነቅለው መኝታ ቤት ያስገቡት፤ 70 ኪሎ ነው፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል።