ጎርፉ የወረደው ከእኛው ጣሪያ ነው

የጅማ ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችን! ክረምት በገባ ቁጥር አዌቱ ወንዝ ሞላ፣ ቦዩ ገነፈለ እያልን ዝናቡን እናማርራለን። ጎርፉን የምንልከው ግን እኛው ነን። ግቢያችንን ጥግ እስከ ጥግ ሊሾ አደረግነው። የጣሪያውን አሸንዳ በአጥር አሾልከን መንገድ ላይ ለቀቅነው። ቦዩን በገራባና በሃይላንድ ደፈንነው። ታች ሰፈር ያለው ሰው ሌሊት ዕቃውን አልጋ ላይ የሚከምረው በዚህ ነው፤ ነውር ነው!

50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2000 ሊትር፣ ማለትም 10 በርሜል ውሃ ነው። ያውም ከአንድ ቤት።

ግንቦት ሳያልቅ በአጥራችሁና በኮብልስቶኑ መካከል ባለው ባዶ መሬት፣ የአሸንዳውን ውሃ ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያሰርግ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍሩ። ቀበሌን አስፈቅዱ፤ የውሃ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ሳታጣሩ ዶማ አታንሱ። መጀመሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ሲመጥጥ ድገሙት። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱም ካለ ቦታውን ተዉት። ረግረግ አጠገብና ኮትቻ በሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ ውሃው አይሰርግም፤ እዚያ ቦይ መጥረግ ይሻላል።

ቀይ አፈር ላይ ግን ወርዱም ርዝመቱም 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ይሁን። ከግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ከሽንት ቤት ደግሞ ቦታው እስከፈቀደ ድረስ። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ሙሉበት፤ ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር ጠጠር። በድንጋዩ መሃል የሚቀረው ክፍተት 600 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሁሉንም አይችልም፤ የደራሹን ጉልበት ግን ይሰብራል። ትርፉ ወደ ቦዩ የሚወርድበት አፍ አውጡለት።

ጉድጓዱን የሚገድለው ደለል ነው። ጭቃው ድንጋዩ መሃል አንዴ ከገባ ሁሉንም አውጥቶ ማጠብ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ከሚገባበት አፍ ፊት ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ የደለል ማስቀሪያ ቆፍሩ፤ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር በአካፋ ጥረጉት። ውሃ አቁሮ ሳምንት ካለፈው ትንኝ ይፈለፈልበታል።

ዳር ዳሩን ዋንዛ ወይም ቢርቢራ ትከሉ፤ የመብራት ሽቦ ሥር ግን አይሆንም። ችግኝ ከነላስቲኩ መቅበር ይቅር! ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀርና በጋው ሲገባ ይደርቃል። ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፣ የተጠቀለለውን ሥር ቁረጡ፣ ፍየል እንዳይደርስበት እጠሩት። ከኅዳር እስከ መጋቢት በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃዋል፤ የየትኛው ቤት ተራ እንደሆነ ዛሬውኑ ተነጋገሩ።