ለጥበብ ሟቾች ነን

የሰፈራችንን ሰው «ለጥበብ ደንታ የለውም» ብሎ የሚያማ ካለ ምላሱን ይሰብስብ። ከአያት ወዲያ፣ የኮንዶሚኒየሙ ብሎክ አልቆ የጤፍ ማሳው በሚጀምርበት ጥግ የምንኖር ሰዎች ለጥበብ ሟቾች ነን። ባለፈው አርብ እንኳ በመንግሥት ትምህርት ቤታችን ለሥዕልና ለሙዚቃ ትምህርት ልንሟገት ከየሥራችን አስፈቅደን ተሰብስበናል። ለሒሳብ ብሎ ከሥራ ያስፈቀደ ወላጅ እስቲ ማን አለ?

ባዶ ክፍል ስላልተገኘ 7ኛ «ለ»ን አስለቀቅን። ክፍለ ጊዜው የሥዕል ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ልጆቹ ሜዳ ላይ በካልሲ ኳስ አቧራ ሲያጨሱ፣ እኛ በዴስካቸው ተጣበን ተቀምጠን ስለ ሥዕል ትምህርታቸው ተቆረቆርን። የሥዕል መምህሩም አልተረሱም፤ የእጅ ጽሑፋቸው ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረግናቸው። በሰፈራችን የጥበብ ሰው እንዲህ ሲከበር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ባነራችን ሦስት ሜትር ይሆናል፤ መገናኛ ድረስ ሄደን ነው ያሳተምነው። ከኢንተርኔት የወረደ አንድ የፈረንጅ ልጅ ፊቱን ቀለም ተለቅልቆ ይስቅበታል። «ልጆቹ ራሳቸው ቢሥሉትስ?» ያለ ወላጅ ነበር፤ አዘንንለት። ሌላዋ እናት ደግሞ በባነሩ ዋጋ ስንት ፓኬት ከለር እንደሚገዛ በጣታቸው ማስላት ሲጀምሩ ሰብሳቢው «ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አሉ።

ስድስት ሰው ንግግር አደረገ። ስድስቱም ከቅዱስ ያሬድ ጀመሩ። ትሏ ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ተሳካላት፤ በስድስት ተናጋሪ ሲባዛ 36 ውድቀት። ጥበብ ለሒሳብ አትጠቅምም ያለው ማን ነው? ያሬድ ዛሬ በትምህርት ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትል ሲመለከት ቢገኝ «ወላጅ አምጣ» እንደሚባል ግን አንዱም አላነሣም።

አንድ ጋሼ ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን ጠቀሱ፤ ጥሩ አደረጉ። አፈወርቅ በ1947 እ.ኤ.አ. ገና በ15 ዓመቱ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር። ልጅነት ሆነና ወደ ብሩሽ አዘነበለ። ምን ያደርጋል፣ እንደኛ ያለ የወላጅ ኮሚቴ አልነበረው! ቅዳሜ ቲቶሪያል፣ እሑድ ማካካሻ እያልን በጊዜ እንመልሰው ነበር። አገሪቱ አንድ የማዕድን መሐንዲስ ታተርፍ፣ የአፍሪካ አዳራሽም ከዚያ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ተገላግሎ እንደ ሰው ቤት ተራ መስኮት ይገጠምለት ነበር። ጋሼ ይህን ሁሉ በእንባ ነበር የተናገሩት። የልጃቸውን የሥዕል ደብተር ባለፈው ዓመት ከሰል ማቀጣጠያ ማድረጋቸውን የማውቀው ጎረቤት ስለሆንኩ ብቻ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ምደባ 70 ለ30 ይባል ነበር፤ 70ው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ለማኅበራዊ። እኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምረን 100 ለ0 አድርሰነዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክዋኔና የእይታ ጥበባት» ብሎ ክፍለ ጊዜ ሲሰጥማ ደስታችን ወደር አልነበረውም፤ የሒሳብ ማካካሻ የት እናድርግ ብለን ተጨንቀን ነበር። ሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብም ክለሳው እዚያው ነው። የመጽሐፉን ንጽሕና ልንገራችሁ? የሌላው ትምህርት መጽሐፍ ገና በጥር ጆሮው ታጥፎ ገጹ ሲረግፍ፣ የጥበባት መጽሐፍ ሰኔ ላይ እንደ ሙሽራ ነው።

ጥበብ ለእኛ የእንግዳ ስኒ ናት። ቡፌ ውስጥ ተቆልፋ ትኖራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ትወጣለች። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ከዋንጫዎቹ በላይ አንድ ክራር ተሰቅሏል። ከስድስቱ ክር የቀሩት ሁለት ናቸው። በሁለት ክር ትዝታም ባቲም አይወጣም፤ ለፎቶ ግን ከበቂ በላይ ነው።

የተቀመጥኩበት ዴስክ ላይ አንዱ ልጅ በእስክሪብቶ ጫፍ የሠራውን ሥዕል ሳይ ሁለት ተናጋሪ አመለጠኝ። ባለ አምስት ፎቅ ብሎክ፤ ከሥሩ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ። የየበረንዳውን ዲሽ አንድ በአንድ ሠርቶታል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። አንደኛው በሬ ብቻ አንገቱን አዙሮ ፎቁን ያያል። «ልዩ ልዩ» የሚለው አጀንዳ ሲደርስ ዴስክ በመሞነጫጨር የትምህርት ቤት ንብረት የሚያበላሹ ተማሪዎች ጉዳይ ተነሥቶ፣ ከነወላጃቸው እንዲጠየቁ በሙሉ ድምፅ ወሰንን። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ክርኔን ግን ሥዕሉ ላይ እንዳደረግኩ ነው።

በመጨረሻ ከክፍለ ከተማ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረንና ተነቃቃን። እስክስታ የሚችሉ 12 ልጆች ተመርጠው ሁለት ሳምንት ሙሉ ይለማመዱ ተባለ።

«ልምምዱ ከሒሳብ እንዳይነካ!» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ሰብሳቢው ደንግጠው፤ «መምህር፣ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ብለው ይያዙልን።»

መምህሩ ቀና ሳይሉ በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉት።