ለአራስ ቤት ወላጆች፦ ቀላል እንጂ ተራ ያልሆነ መጽሐፍ

ልጅ ለወለደ ሰው መጽሐፍ እንስጥ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያስተምረው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን አዲስ እናትና አባት ምክር ሲሰሙ ነው የሚውሉት፤ ከሐኪም፣ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከስልካቸው። ሌሊት ደግሞ ሕፃኑን ታቅፈው ሌላ ምክር ቢያነቡ ጭንቀት እንጂ እረፍት አያገኙም። እኔ የምመኝላቸው ጥሩ ልቦለድ ነው። ቀላል፣ ግን በደንብ የተጻፈ።

«ማን ጊዜ አለውና!» የሚል ይኖራል። መተኛት ከተቻለ መተኛት ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አራስ ልጅ በቀንና ሌሊት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ እጅ ሕፃኑን ደግፏል፤ ሌላኛው እጅና ዓይን ሥራ ፈተዋል። ያ ጊዜ ዛሬ የሚያልቀው ስልክ ላይ ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ይገፋል፣ አሁንም ይገፋል። ሕፃኑ ጠግቦ ያገሳል፣ ይተኛል፤ ወላጁ ግን ምን ሲያይ እንደቆየ እንኳ አያስታውስም። የስክሪኑ ብርሃንም እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ይቀንሰዋል።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ታዲያ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች ትኩረታቸው ሲለካ፣ እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ያህል ተዳክሞ ተገኘ። ይህን ያህል መዳከማቸውን ግን ራሳቸው አላስተዋሉትም። አዲስ ወላጅ ደግሞ ያቺንም 6 ሰዓት ሳትቆራረጥ አያገኛትም። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብባችሁ ምንም ካልገባችሁ ደንዝዛችሁ አይደለም። ነገር ይዞ የሚያቆየው የአእምሮ ክፍል ደክሟል። ስማቸው የሚምታታ ሃያ ገጸ ባሕርያት፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚዘል ታሪክ፣ ግሱ ከአምስት መስመር በኋላ የሚደርስ ዓረፍተ ነገር፣ እነዚህ ለሌላ ዓመት ይቆዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደክሞሃል ተብሎ ተራ መጽሐፍ ይሰጠዋል። በግዴለሽነት የተጻፈ ነገር ግን ለደከመ ሰው ይበልጥ ይከብዳል፤ አእምሮን ይዞ የሚያቆይ ነገር ስለሌለው ሁለት ገጽ ሳይሞላ ሐሳብ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ቀላል አድርጎ መጻፍ ከባድ ሥራ ነው። ቤልጂየማዊው የመርማሪ ልቦለድ ደራሲ ዦርዥ ሲምኖን ወጣት ሳለ ለአንድ ጋዜጣ አጫጭር ታሪኮች ይልክ ነበር። የጋዜጣው የሥነ ጽሑፍ አዘጋጅ ደራሲዋ ኮሌት ነበረች። ጽሑፍህ ውበት በዝቶበታል፣ አውጣው አለችው። አወጣ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ተራ ቃላት ብቻ መጻፍ ልማዱ ሆነ። ስለ መርማሪው ሜግሬ የጻፋቸው 75 ልቦለዶች አጫጭር ናቸው። ዝናቡ፣ ቢሮው፣ ፒፓው ወዲያው ዓይን ላይ ይመጣል። ሦስት ቀን አቋርጦ የተመለሰ አንባቢም አይጠፋበትም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ግን የፊንላንዳዊቷን ደራሲ የቶቬ ያንሰንን «የበጋ መጽሐፍ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ነው የወጣው። አንዲት አሮጊትና የልጅ ልጇ ትንሽ ደሴት ላይ በጋውን ያሳልፋሉ፤ በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ይጨቃጨቃሉ፣ ይዋኛሉ፣ ስለ እግዚአብሔር ይከራከራሉ። 22ቱም ምዕራፎች ለየብቻቸው ይነበባሉ፤ ከመሃል ብትጀምሩም ችግር የለም። የልጅቷ እናት መሞቷ ጣል ተደርጎ ይታለፋል፤ ሆድ ለባሰው ሰው ይህን አስቀድሞ መንገር ደግ ነው።

አጫጭር ልቦለድ ለሚወድ ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ አለ። የሕክምና ተማሪ ሳለ ይጽፍላቸው የነበሩት የቀልድ መጽሔቶች ቦታቸው ጠባብ ስለነበር ማሳጠርን በግድ ተማረ። አንዱ ታሪክ በአንድ ማጥባት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1888 የጻፈውን «እንቅልፌ መጣ» የተሰኘውን ግን እለፉት። ሕፃን እንድታባብል ተቀጥራ እንቅልፍ ስለተነፈገች የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ መጨረሻው የሕፃኑ ሞት ነው። ድንቅ ሥራ ነው፣ ግን ለዚህ ወቅት አይሆንም። በአጠቃላይ ልጅ የሚጎዳበትን መጽሐፍ አሁን አትንኩ። በፊት በቀላሉ ታነቡት የነበረው ነገር ከወለዳችሁ በኋላ አንጀት ይበላል።

መጽሐፉ በአንድ እጅ የሚያዝ ቀጭን ይሁን። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ይሁን። ዓይናችሁ መክደን ሲጀምር ግን ንባቡን ተዉትና ሕፃኑን ወደ አልጋው መልሱት። ሕፃን ታቅፎ ሶፋ ላይ ማንቀላፋት ለልጁ ሕይወት በጣም አደገኛ ነው። ዓይን እምቢ ካለ ደግሞ ትረካ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአንድ ጆሮ መስማት ነው።

ስጦታ ሰጪዎች ደግሞ ራሳችሁ አንብባችሁ የወደዳችሁትን አምጡ። ስትሄዱም ሕፃኑን ለግማሽ ሰዓት ተቀበሏቸው። ከሳምንት በኋላ ደውላችሁ «ጨረስሽው ወይ?» እንዳትሉ።