ኮፈኑን ስከፍት ያገኘሁት

በቃ፣ ዛሬስ መረረኝ! በቅርቡ የገዛሁትን ያገለገለ መኪና ኮፈን ብከፍት፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ የወጣ ቀይ ሽቦ አገኘሁ። ፊውዝ የለውም። ሽፋኑ የጭስ ማውጫውን ነክቶ ቀልጧል። ለምን ተብሎ? ለሰማያዊ መብራት! ኮፈኑ ሲዘጋ ማንም ለማያየው መብራት መኪናው ሊቃጠል ነበር። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር እንደሚለቅ ይሄ የሸጠልኝ ሰው አልሰማም?

ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጥፋት ሳስተካክል ከረምኩ። የቫኪዩም ቱቦው በናስትሮ ተጠቅልሏል። አዲስ ቱቦ መግዛት ያን ያህል ይከብዳል? ዋናው የአየር ማጣሪያ ወጥቶ ክፍት የስፖርት ማጣሪያ ገብቷል፤ ያውም ራዲያተሩ ጀርባ፣ ያለ መከለያ። ሞተሩ ትኩስ አየር ይስባል። ትኩስ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ድምፁ ስለጨመረ ፈጠነ ማለት ነው እንዴ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን እጥበቱ ነው። ሊሸጥልኝ ሲል ሞተሩን አጥቦ፣ ፕላስቲኩን አብርቶ አሳየኝ። መስታወት ይመስል ነበር። ሁለት ቀን ነድቼ ባየው ከቫልቭ ሽፋኑ ጋስኬት (ማሸጊያ) ዘይት ይንጠባጠባል። እባካችሁ የምትሸጡ ሰዎች፣ ሞተሩን ከነአቧራው አሳዩን! ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ የሚነግረን እኮ ያ ቆሻሻ ነው።