ኮፈን ሲከፈት ሊቅ ይሰበሰባል

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናህ መንገድ ላይ ብትበላሽ አትጨነቅ። ኮፈኑን ክፈትና ቁም። እስከ ሦስት ቁጠር። ሁለት ላይ አንዱ አጠገብህ ይደርሳል። እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ አንገቱን ወደ ሞተሩ ያሰግጋል፣ ከንፈሩን ይመጣል። "ኖዝሉ ነው" ይልሃል፤ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ ማለቱ ነው። ማን እንደሆነ አታውቀውም። እሱም አንተን አያውቅህም። መኪናህን ግን ያውቃታል።

ሩዶልፍ ዲዝል የሞተሩን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በወጉ የሚሠራ ሞተር እስኪያሳይ ግን 1897 ገባ። አራት ዓመት ሙሉ ለፋ! ምስኪን፣ ያኔ የእኛ ሰፈር ሰው በአጠገቡ አላለፈም።

እኔ ይህን ጸጋ የቀመስኩት በአሮጊቷ ሃይሉክሴ ነው። ሞተሯ ሦስት ኤል የሚባለው ዓይነት ነው፣ 2.8 ሊትር፣ ናፍጣ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ ሰሞን ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በራሱ ጊዜ ይጨምር ጀመር። መብራት ይዞኝ ቆሜ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አንስቼ፣ እሷ ብቻዋን ታጓራለች። አጠገቤ ያለው ሹፌር እሽቅድምድም የጠየቅሁት መስሎት ገላመጠኝ። በማግስቱ ደግሞ እንደ በግ ጸጥ ትላለች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ከኋላዬ የነበረ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "አባት፣ በማገዶ ነው እንዴ የምትሄደው?" አለኝ።

አንድ ቀን ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጉባኤው ተሰየመ።

መጀመሪያ የመጣው ሎተሪ አዟሪ ነው። "ፓምፑ ነው" አለ፤ ናፍጣ ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋውን። የሕንፃው ጥበቃ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣ። "የለም፣ ጓርኒሲዮን በልታለች" አለ፤ በሞተሩና በክዳኑ መካከል ያለውን ማሸጊያ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ቀብር የሚሄዱ አንድ ሰው ቆሙ። ሞተሩን ለአፍታ አዳመጡ። "ፋሻ ነው። ይቺ ሞተር መውረድ አለባት" ብለው ፈረዱ፤ ፋሻ የሚሉት የፒስተኑን ቀለበቶች ነው። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል መሰለኝ። ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ አቋርጦ አይኬድም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንድ ናፍጣ መኪናም እንዲሁ ናት። ለእኔ ሸክም ነበረች። ለእነሱ ጌጥ ሆነች።

በተለይ የጭሱ ክርክር ልብ ይነካል። አዋቂ ነን የሚሉ፣ ጭስ ቋንቋ አለው ይላሉ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፣ አለዚያም ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል። የእኛ ሊቃውንት እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር አይያዙም። አንዱ ጥቁር ነው አለ። ሌላው ሰማያዊ ይመስለኛል አለ። መነጽር ያደረገው ቡናማ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ውሳኔው ሲነገር ግን ቀለሙን ያነሳ የለም። ሎተሪ አዟሪው ከፓምፑ፣ ጥበቃው ከጓርኒሲዮኑ ንቅንቅ አላሉም። እምነት ማለት ይህ ነው።

ከዚያ አንድ ወጣት ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ከየት እንዳመጣው አላየሁም። "ናፍጣ ስለሚያንሳት ነው አቅም ያጣችው። ትንሽ እንጨምርላት" አለኝ። ፓምፑ ላይ በሽቦ ታስሮ የታሸገ ብሎን አለ። ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ስንት ናፍጣ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ፋብሪካው ያሸገው ለጌጥ ኖሯል። ልጁ ሽቦውን በጠሰና ብሎኑን ግማሽ ዙር አዞረው።

መኪናዋ ተፈናጠረች። ሁላችንም አጨበጨብን።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ናፍጣ ደግሞ አየር ሲያጥረው ይጨሳል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። እዚህ አገር አየር ባጠረው ሞተር ላይ ናፍጣ መጨመር፣ ጭስ በሚያፍነው ምድጃ ላይ እርጥብ እንጨት እንደመክተት ነው። በሚቀጥለው ቀን እንጦጦን ስወጣ ከኋላዬ ቀኑ ጨለመ። በዚያ ላይ ያ ብሎን ሲጠብቅ ሚኒሞውንም ይዞት ይወጣል። እናም ሚኒሞው ባሰበት። ሌላ በጎ አድራጊ አገኘሁና የሚኒሞውን ብሎን አላላልኝ። አሁን ደግሞ ሚኒሞው ሲተኛ ሞተሩ ይጠፋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲሉ ይህን ማለታቸው ይሆን?

ጋራዥ ገባሁ። ጋራዥማ ከመንገዱ ጉባኤ የተሻለ ነው፤ ግምቱ ደረሰኝ አለው። አራቱም ኖዝሎች ተቀየሩ። ኖዝል የሚፈተሽበት መሣሪያ አለ። በስንት ግፊት እንደሚከፍት ያሳያል፤ ጉም ሆኖ ይረጭ እንደሆነ ወይ እንደ ሕፃን ሽንት ይንጠባጠብ እንደሆነ ያሳያል። ማንም አልፈተሻቸውም። ቢፈተሹና ደህና ቢሆኑስ? የሁላችንም ደስታ ይደፈርስ ነበር። ቀጥሎ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ወረደ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ። ያወረዱት መካኒክ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ወደ ብርሃን ያዝ አድርገው፣ "ያው፣ ደህና ነበር፤ ግን ከተከፈተ አይቀር" አሉኝ። ሲገጠም ራዲያተሩ ውሃ ተሞላ፣ አየሩ ግን በወጉ አልወጣም። ሚኒሞው ይባስ ብሎ በቀን አሥር ጊዜ ይነሳል ይተኛል። 38 ሺህ ብር ወጣ። "አሁን የቀረው ፓምፑ ነው። ሶማሌ ተራ አንድ ንጹሕ ያገለገለ አለ" አሉኝ። ሎተሪ አዟሪው ትዝ አለኝ። ነቢይ ነበር።

ለፓምፑ ገንዘብ ስፈልግ ነው አንድ ዘመድ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ የላከኝ። እኚህ ሰው መጀመሪያውኑ አልማረኩኝም። ይጠይቃሉ። "የሚጨምረው ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ጭሱና ሚኒሞው አብረው ነው የሚመጡት ወይስ ለየብቻ?" አያውቁም ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል?

"ለየብቻ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"እንግዲህ ሁለት በሽታ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። አንድ በሽታ ላይ ስንት ሊቅ ሲፋጭ ከርሞ፣ እሳቸው ሁለት ይላሉ! ሞተሩን አስነስተው ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ሌላው ይቅር፣ ቆመው ዝም ብለው ጠበቁ። ሚኒሞው ሲነሳ ግራ እጃቸውን ትልቁ የራዲያተር ጎማ ላይ አሳረፉ። ቶሎ አነሱት፤ ያቃጥላል። ቀኝ እጃቸውን ወደ ፓምፑ የምትሄድ ጣት የምታክል ቀጭን ጎማ ላይ አደረጉ። አላነሱም። "ና፣ አንተም ንካ" አሉኝ። ነካሁ። ቀዝቃዛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓምፑ ጎን ላይ ውስጧ ሰም ያለባት ትንሽ ዕቃ አለች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሚኒሞውን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በዚያች ቀጭን ጎማ ሲደርሳት ሰሙ ያብጣል፣ ሚኒሞውም ይወርዳል። የእኔ መኪና ከአንድ የላላ ክላምፕ ጠብ ጠብ እያለ ውሃዋ ጎድሏል። በጎማዋ ውስጥ አየር ተቀምጧል። ሞተሩ እየነደደ፣ ያቺ ዕቃ ገና ንጋት ነው ብላለች። ውሃው ሲደርሳት ትተኛለች፣ አየሩ ሲመለስ ትነሳለች። ክላምፑ ጠበቀ፣ ውሃ ተሞላ፣ አየሩ ወጣ። ለጭሱ ደግሞ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው መሬት ላይ አንዴ መቱት። ግማሽ ኪሎ ሽሮ የሚያክል አቧራ ወረደ። የተነካኩትን ብሎኖች ግን በግምት አልመልስም ብለው ፓምፕ በማሽን ወደሚለካበት ቤት ላኩኝ። ግምት እንዲህ የሚፈራ መካኒክ አይቼ አላውቅም።

መኪናዋ ዳነች። ባለፈው ሎተሪ አዟሪውን አገኘሁት። "እንዴት ሆነች?" አለኝ። ፓምፑ አጠገብ ያለች ጎማ ነበረች አልኩት። "አላልኩህም? ፓምፑ ነው!" አለና አንድ ትኬት አስቆረጠኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አልኖርኩም። ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። መኪናው ዘመናዊ ናፍጣ ነው፤ የጭስ ማውጫው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ሲሞላ መኪናው ራሱ ጥላሸቱን ያቃጥላል። ያን ጊዜ ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ይላል፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። መመሪያው ላይ ተጽፏል አለኝ። "መመሪያውን ተወው፣ ኖዝሉን አሳየው" አልኩት። አፌ ላይ እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ። ብቻ ደስ ይላል።

ትናንት ደግሞ አንድ ሰው አዲስ መኪና ዳር አቁሞ ኮፈን ከፍቷል። እግሬ በራሱ ጊዜ ወሰደኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። አንገቴን አሰገግኩ። "ወንድሜ፣ ሚኒሞው ይጨምራል?" አልኩት።

"ኤሌክትሪክ ናት" አለኝ።

ዞር ስል ነጠላ ያዘቀዘቁት ሰውዬ አጠገቤ ቆመዋል። ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ቢሆንም ሞተሯ ይውረድ" አሉ።