ይድረስ ለክቡር የእረፍት ሰዓት ፕሮግራማችን

ከመጋዘኑ በር ላይ አራት ማዕዘንዎን በፕላስተር ተይዘው ለተለጠፉት፤ ደብረ ማርቆስ፣ ጫማ ቤት። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጉልበቴ በታች ካለው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሲቀጥሩኝ «ቋሚ ሠራተኛ ነሽ» አሉኝ። እናቴ ደስ ብሏት ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ቃሉ የገባኝ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከመደርደሪያው ሥር ስገተር ነው። ጎጃም ተወልጄ፣ ቅኔ በሚዘረፍበት አገር አድጌ፣ ሰሙን ይዤ ወርቁን መሳቴ ያሳፍራል። እርስዎም እኮ ቅኔ ነዎት፤ ሰምዎ «እረፊ»፣ ወርቅዎ «ቁሚ»።

ወንበር የለም አልልም። አለ፤ ያውም ሦስት፣ ስፖንጅ ያላቸው። ግን ለደንበኛ ናቸው። ደንበኛው ተቀምጦ 41 ይለካል፣ 42 ይለካል፣ እንደገና 41 ይለካል። እኔ እንበረከካለሁ፣ እነሣለሁ፣ መሰላል እወጣለሁ። በመጨረሻ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎኝ ይሄዳል። ማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ደብተሮች እንኳ መቋሚያ አላቸው። እኔ የያዝኩት የጫማ ማጥለቂያ ማንኪያ ነው፤ እሷን ደግሞ ብደገፋት ተያይዘን እንወድቃለን።

ስለ ሰዓቱ እንነጋገር። በአዘቦት ቀን የምሳ እረፍቴን ያደረጉት ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ የቁርሴ ሽሮ ገና ከጉሮሮዬ ሳይወርድ። የገበያ ቀን ደግሞ እረፍቴ «ሰው ሲቀንስ» በሚባል ሰዓት ላይ ነው። ይህ ሰዓት በእጅ ሰዓቴ ላይ የለም። ገበሬው ጤፉን ሸጦ፣ ልጆቹን አስከትሎ ሲጎርፍ ማን ይቀንሳል? የምቀንስስ እኔ ነኝ፣ በኪሎ።

6 ሰዓት ተኩል የምትባለዋን የተባረከች ሰዓት ማን እንደወሰዳት ያውቃሉ፤ የባለቤቱ የእህት ልጅ ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ እንዲያውም ከሳንቡሳዋ ትቆርስልኛለች። ግን ሒሳብ ላይ ተቀምጣ የምትውል ልጅ፣ ተነሥታ ሄዳ ሌላ ቦታ ስትቀመጥ፣ ያረፈው ወንበሩ ነው።

ሑዳዴ ሲገባማ ጭራሽ ረቀቁ። 55 ቀን ሙሉ የጾመኞችን እረፍት 5 ሰዓት ላይ አዋሉት። እስከ 9 ሰዓት እህል የማልቀምሰው ሰው ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አየሁ። 9 ሰዓት ሆኖ ሆዴ ሲጮህ «አንቺ እረፍትሽን ወስደሻል» ተባልኩ። ለነፍሴ አስበው ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

የአጎቴ ልጅ ሕግ ያነባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም አለኝ። ከ2 እስከ 1 ስቆጥረው 11 ሆነ፤ ምናልባት ሦስቱን እርስዎ ጀርባ ለጥፈዋቸው ይሆናል። ለሥራ ዝግጁ ሆኖ መገኘትም የሥራ ሰዓት ነው ይላል አሉ። እንግዲህ ጉርሻዬን በአፌ ይዤ፣ አንድ ጆሮዬን በሩ ላይ ሰክቼ፣ «ነይ እንጂ፣ ሰው መጥቷል!» እስክባል የምጠብቅባት ያቺ እረፍት ምን ትባላለች? በሳምንት ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት ማረፍም አለ። የእኔ እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ ለቆጠራ እየተጠራች ለሁለት ተቆርጣለች።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። 6 ሰዓት ተኩልን እንደ ዕቁብ ያዙሩልን። ስድስት ነን፤ ዕጣ እናውጣ፣ ለየሳምንቱ አንዳችን እንውሰዳት። የእህት ልጅም ትግባበት፣ የደረሳት ቀን እኔ ራሴ እልል እላለሁ። አንዷን ወንበር ደግሞ ደንበኛ በሌለበት ብታውሱኝ፣ ጠርጌ እመልሳለሁ።

ብዙ ነበረኝ፤ ነገር ግን የምጽፈው በ4 ሰዓቷ እረፍቴ ነው፣ አሁን ደግሞ አንድ አባት ከነልጃቸው ገብተው «34 ቁጥር አለ ወይ?» እያሉ ነው። ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜዋለሁ፤ እሱም እንደኔ ይቁም።

ቋሚዎ፣
ከመደርደሪያው ሥር