እርማት፦ ሬይንቦው ክሩዝ በዘፈቀደ አይሄድም

ሬይንቦው ክሩዝ ስለተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የፍልሚያ መድረክ፣ «ከውድድር የታገደው አቅጣጫው በዘፈቀደ ስለሚለዋወጥ ነው» የሚለው አባባል ተደጋግሞ ይነገራል፤ ስህተት ነው። ይህን መድረክ ስለምወደው በሐሰት ሲወቀስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ2001 እ.ኤ.አ. ለጌምኪዩብ የጨዋታ መሣሪያ በወጣው የፍልሚያ ጨዋታ፣ «ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌ» ውስጥ የዚህ መድረክ መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፍልሚያው በአየር ላይ በሚጓዝ መርከብ ይጀምራል። መርከቡ ሲወድቅ ተጫዋቾች በመርገጫዎቹ እየዘለሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ወደ ግራ ያቀናሉ፤ በመጨረሻም ወርደው መርከቡ ላይ ያርፋሉ። ዙሩ እንደገና ይቀጥላል። ቅደም ተከተሉን ያጠና ሰው ቀጣዩ መርገጫ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል። ፍጥነቱን በድንገት የሚለዋውጠው ሌላው ተንቀሳቃሽ መድረክ፣ አይስክል ማውንቴን ነው። ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

የሬይንቦው ክሩዝ እውነተኛ ችግር ካሜራው ማንንም አለመጠበቁ ነው። ወደ ኋላ የቀረ ተጫዋች ማንም ሳይመታው ከስክሪኑ ወጥቶ ሕይወት ያጣል። በዚህም እንደ ፎክስ ያለ ፈጣን ገጸ ባሕርይ ይጠቀማል፤ ከባዱ ባውዘር ግን ከተጋጣሚው ይልቅ ከመንገዱ ጋር ይታገላል። በአንድ ወቅት በውድድሮች ይፈቀድ የነበረው ይህ መድረክ በዚህ ቢተች ትችቱ ተገቢ ነው።